ፈቺ የማይሻ ሕልም

ባሕሩ ላስቲክ ነው። ፌደሪኮ ፌሊኒ በ1983 ባወጣው «መርከቡም ይጓዛል» በተባለው ፊልም የምናየው ውቅያኖስ ስቱዲዮ ውስጥ የተዘረጋ ሰፊ ላስቲክ ነው፤ ከሥር ያወዛውዙታል፣ ከላይ መብራት ያብለጨልጭበታል። ሰማዩ ቅብ ነው፤ ጨረቃዋም እንደዚያው። ይህን ለማወቅ የፊልም ትምህርት አያስፈልግም፤ ፌሊኒ ሊደብቀው አልሞከረም። ይባስ ብሎ መጨረሻው ላይ ካሜራው ወደ ኋላ እያፈገፈገ የመርከቡን ወለል የሚያናውጠውን ግዙፍ መሣሪያ፣ በዙሪያው የሚራወጡትን ሠራተኞች፣ የቀረጻ ቡድኑን ራሱን ያሳየናል። ውሸት መሆኑን በራሱ አንደበት የሚናገር ባሕር ነው። ታዲያ ለምን ልብ ይነካል? እውነተኛ ውቅያኖስ ላይ የተቀረጹ ስንትና ስንት ፊልሞች ተረስተው ይህ ላስቲክ ለምን አይረሳም?

(እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጣሊያን ሕልም አዘል ፊልሞች ሲወራ ሁለት መልስ አይጠፋም። አንደኛው የፈቺዎች ነው። ባሕሩ እናት ነው፣ ገመዱ ሕሊና ነው፣ ዓሣው ክርስቶስ ነው እያሉ እያንዳንዱን ምስል ይመነዝሩታል፤ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ብሂላችንም ለእነሱ የተነገረ ይመስላል። ሁለተኛው መልስ የማምለጥ ነው፤ ኑሮ የከበደው ሰው ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ዓለም አይቶ ይወጣል፣ አለቀ። እኔ በሁለቱም አልረካም። እነዚህ ፊልሞች የሚስቡኝ በእጅ የተሠሩ መሆናቸውን ስለማይደብቁና ሲያልሙም እግራቸው ከጭቃው ስለማይወጣ ነው። ዳቦው፣ ቄሱ፣ እናቲቱ፣ ፖሊሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉም ሕልሙ ውስጥ አሉ። ፓሪስ ላይ የተወለደው ሱሪያሊዝም ሕልምን ጨዋ ነኝ ባዩ ላይ የሚወረወር ድንጋይ አድርጎት ነበር። ጣሊያኖቹ ግን ከሰፈሩ ሰው ጋር አብረው አለሙ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ፍርስራሽ ነው። ሮቤርቶ ሮሴሊኒ በ1945 «ሮማ ክፍት ከተማ»ን፣ ቪቶሪዮ ደ ሲካ በ1948 «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠሩ ኒዮሪያሊዝም የተባለው አሠራር ዓለምን አስደመመ። ካሜራው ጎዳና ወጣ፤ ትወና የማያውቁ ሰዎች ፊልም ላይ ታዩ፤ ረሃብ ሳይቀባባ ቀረበ። ፌሊኒም ያደገው በዚሁ ቤት ነው፤ «ሮማ ክፍት ከተማ»ን ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። ሕልሙ የመጣው ይህ እውነተኛነት ከሞተ በኋላ ነው ተብሎ ሲተረክ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ልክ አይመስለኝም። ምክንያቱም በ1951 ያው «የብስክሌት ሌቦች»ን የሠራው ደ ሲካ ከያው ጸሐፊ ከቼዛሬ ዛቫቲኒ ጋር ሆኖ «ተአምር በሚላኖ»ን አመጣ።

ጎመን መካከል ተጥሎ የተገኘ ቶቶ የሚባል ልጅ አድጎ ሚላኖ ዳር በቆርቆሮና በጣውላ በተለጣጠፈ የድሆች ሰፈር ይኖራል። ክረምት ነው። ከደመናው ቀዳዳ አንዲት የፀሐይ ጨረር ወርዳ መሬት ላይ ትንሽ ክብ ትሠራለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከየጎጆው እየሮጠ ወጥቶ እዚያች ክብ ውስጥ ይጠጋጋል፤ እጁን እያፋተገ፣ እግሩን እየመታ ይሞቃል። ጨረሯ ጠፍታ ሌላ ቦታ ስትወርድ መንጋው ሁሉ ተግተልትሎ ወደዚያ ይሮጣል። ይህን ትዕይንት ሕልም ልበለው እውነት? ብርዱ እውነት ነው፤ ፀሐይን እንደ እርዳታ እህል ተሰልፎ መቀበል ደግሞ የድህነት ሒሳብ ነው። በኋላ ከመሬቱ ሥር ነዳጅ ሲገኝ ባለሀብቱ ፖሊስ ያዘምትባቸዋል። በመጨረሻ ሚላኖ ካቴድራል ፊት ለፊት ከጎዳና ጠራጊዎች መጥረጊያ ነጥቀው፣ ፈረስ እንደሚጋልቡ ተቀምጠውበት ወደ ሰማይ ይበራሉ። ፊልሙ ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቶ ወሰደ። አገር ቤት ግን ቀኞቹ ኮሙኒስት ነው አሉት፤ ግራዎቹ ደግሞ ትግሉን ትቶ ወደ ሰማይ ሸሸ ብለው አኮረፉ። ያኔም ዛሬም ያልተዋጠላቸው አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ድሃ ዳቦ ብቻ ሳይሆን መብረርም እንደሚያምረው።

ይኸው ጠብ ከሦስት ዓመት በኋላ ቬኒስ ላይ አገረሸ። የፌሊኒ «ላ ስትራዳ» የብር አንበሳ ሲሸለም የሉኪኖ ቪስኮንቲ «ሴንሶ» ባዶ እጁን ቀረና ሁለቱ ጎራዎች አዳራሽ ውስጥ ለቡጢ ተጋበዙ። የግራው ሐያሲ ጉይዶ አሪስታርኮ ፌሊኒን እውነተኛነትን ከከዱት መካከል ቆጠረው። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያይ ጠቡ ግራ ያጋባል፤ በሞተር ብስክሌት ጋሪ እየዞረ ሰንሰለት በደረቱ የሚበጥስ ጉልበተኛና ከእናቷ በገንዘብ የተገዛች ምስኪን ልጅ ካልተጨበጡ ምን ይጨበጣል?

ፌሊኒ ወደ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት ማርካውሬሊዮ በተባለ የቀልድ መጽሔት ሥዕልና ጽሑፍ እየሸጠ የሚኖር ወጣት ነበር። ለብቻው የመራው የመጀመሪያ ፊልሙ፣ የ1952ቱ «ነጩ ሼህ»፣ የሚያወራውም ስለ ሕልም ንግድ ነው። ያኔ ጣሊያን ውስጥ በፎቶግራፍ የሚተረኩ የፍቅር መጽሔቶች እንደ ትኩስ ዳቦ ይሸጡ ነበር። አንዲት የገጠር ሙሽራ ለጫጉላ ሮማ ስትመጣ ባሏን ትታ የመጽሔቱን ጀግና ፍለጋ ትሄዳለች። ስታገኘው ዛፎች መካከል፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ ነጭ ጥምጣሙን አድርጎ ዥዋዥዌ ላይ እየተወዛወዘ ይዘፍናል። አንጋጣ ታየዋለች፤ እኛም አብረናት እናንጋጥጣለን። ከዚያ ይወርዳል። ሲወርድ ወፈር ያለ፣ ሚስቱን የሚፈራ፣ ተራ ዋሾ ሰው ነው። ፌሊኒ ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት ገደማ የሠራውን ሁሉ እዚህች ዥዋዥዌ ላይ አየዋለሁ፤ ሕልሙን ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል፣ ገመዱንም ያሳየናል።

ከዚህ ፊልም ጸሐፊዎች መካከል የኢትዮጵያ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ስም አለ፤ ኤኒዮ ፍላያኖ። «ላ ስትራዳ»ን፣ «ላ ዶልቼ ቪታ»ን፣ «ስምንት ተኩል»ንም ከፌሊኒ ጋር የጻፈው እሱ ነው። ፍላያኖ አገራችንን ያወቃት በመጽሐፍ አልነበረም፤ በ1935ቱ ወረራ የጣሊያን ጦር መኮንን ሆኖ ዘምቶባታል። ከ12 ዓመት በኋላ ያሳተመውና የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘለት ልቦለድ፣ «የመግደያ ጊዜ»፣ ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ ነው። ጥርሱን ያመመው አንድ መኮንን አቋራጭ መንገድ እይዛለሁ ሲል ይጠፋል፤ ወንዝ ዳር የምትታጠብ ማርያም የምትባል ሴት ያገኛል፤ አብሯት ያድራል። ሌሊት አውሬ መሰለኝ ብሎ የተኮሰው ጥይት ነጥሮ ይመታትና ራሱ ይገድላታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቅዠት ነው። ሥጋ ደዌ ይዞኛል እያለ፣ ይከሱኛል እያለ ይባዝናል። መጨረሻ ላይ የሚከሰውም የሚፈልገውም አይኖርም፤ ወደ አገሩ ይመለሳል።

መጽሐፉን በጭብጨባ ብቻ ማለፍ አይቻልም። ማርያም እዚያ ውስጥ ከገዳይዋ ቅዠት የተለየ ሕይወት የላትም፤ እሱ ቋንቋዋን አይሰማም፣ አንባቢውም አይሰማትም። ሆኖም አንድ ነገር ይታየኛል። ወንጀል ሠርቶ ያልተቀጣው መኮንንና በ«ላ ዶልቼ ቪታ» ከድግስ ድግስ የሚንከራተተው ጋዜጠኛ ማርቼሎ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። ሁለቱም በደላቸውን ያውቁታል፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። የዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልም ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚጎመዝዝ ያልገባው ሰው ፍላያኖን ከኢትዮጵያ ቢከተለው አንድ መንገድ ያገኛል።

ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም ስቱዲዮው ነው። ፌሊኒ ቤቱ ያደረገውን ቺኔቺታን ሙሶሊኒ መርቆ የከፈተው በሚያዝያ 1937 ነው። አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ አልፎት ነበር። ሲኒማ ከመሣሪያ ሁሉ የበረታ መሣሪያ ነው የሚለው ፉከራ ከሥርዓቱ አፍ አይጠፋም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ሉቻኖ ሴራ ፓይለት» ጀግናውን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲዋጋ ይገድለዋል፤ የበላይ ተቆጣጣሪው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ሲሆን ከጸሐፊዎቹ አንዱ ደግሞ ያው ሮሴሊኒ ነው። ፋሺዝም ራሱ የሕልም ፋብሪካ ነበር ማለት ነው፤ ስፌቱ ግን አይታይም። የሮማ ግዛት ተመለሰ ሲባል ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አጨበጨበ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቺኔቺታ ቤት ንብረታቸውን ያጡ ተፈናቃዮች መጠለያ ሆነ። በዚህ ዓይነት ሕልም አንዴ የተሸወደ አገር ለሁለተኛ ጊዜ ሲያልም ስፌቱን ማየት ቢፈልግ አይገርምም። ላስቲኩ ባሕር ለእኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው።

ስፌቱ የሚታየው በዓይን ብቻ አይደለም፤ በጆሮም ነው። በጣሊያን ሲኒማ ለረጅም ዘመን ድምፅ ከምስሉ ጋር አብሮ አይቀረጽም ነበር፤ ተዋንያኑ ከተቀረጹ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ይገባላቸዋል። ልማዱን ያጠናከረው የፋሺስቱ መንግሥት በባዕድ ቋንቋ የሚናገር ፊልም እንዳይታይ መከልከሉ ነው። ፌሊኒ ይህን ድክመት ወደ ጥበብ ለወጠው። ቃለ ተውኔቱ ገና ሳያልቅ ተዋናዩን ቁጥር ቁጠር ይለዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በቁጣ ወይም በፍቅር ይቆጥራል፤ ቃሉ በኋላ ይገባል። ካሜራ እየሠራ ዳይሬክተሩ ይጮኻል፣ ያስቃል፣ ሙዚቃ ያስከፍታል። አሜሪካዊው አንተኒ ኲን በ«ላ ስትራዳ»፣ ካናዳዊው ዶናልድ ሰዘርላንድ በ«ካዛኖቫ» የሚናገሩት በሌላ ሰው አንደበት ነው። በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ የተከታተለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ከሰውየው ውስጥ ሳይሆን ከራሳችን ጭንቅላት የሚመጣ ይመስላል። በሕልም የሚናገሩን ሰዎችም ከዚህ የተለየ አይናገሩንም።

አሁን ወደ «ስምንት ተኩል»። በ1963 የወጣ፣ ስሙንም ፌሊኒ እስከዚያ የሠራቸውን ፊልሞች፣ በጋራ የሠራውንና አጫጭሮቹን ግማሽ ግማሽ እያለ፣ ከመቁጠር ያገኘ ፊልም ነው። ስለዚህ ፊልም የተጻፈው ከሚበቃው በላይ ስለሆነ ሁለት ትዕይንት ብቻ ልምረጥ።

መክፈቻው የመኪና መጨናነቅ ነው። ድምፅ የለም፤ ክላክስ የለም፤ ሞተር የለም። ከጀርባው የምናየው ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ጭስ ይሁን እንፋሎት ያልለየለት ነገር ከውስጥ ይነሣል። መጀመሪያ የምንሰማው ትንፋሹን ነው፤ ቀጥሎ መስታወቱን ሲወለውል የጨርቁን ሲጥሲጥታ። በሌሎቹ መኪኖች ያሉት ሰዎች ዝም ብለው ያዩታል። ከአውቶቡሱ መስኮት የተንጠለጠሉ እጆች ይታያሉ፤ ባለቤቶቻቸው አይታዩም። ሰውየው በሩን ይደበድባል፣ መስኮቱን ይረግጣል፣ እንደምንም ጣሪያው ላይ ወጥቶ በመኪኖቹ አናት ይንሳፈፍና ደመና ውስጥ ይገባል። እፎይ ስንል ከታች፣ ባሕር ዳር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰረውን ገመድ አንድ ሰው እየሳበ ያወርደዋል። ይወድቃል፤ ይነቃል፤ ሐኪሞች ከበውታል። ፊቱን እስካሁን አላየነውም። እዚህ ውስጥ አንድም እንግዳ ነገር የለም። መኪና፣ ጭስ፣ ገመድ፣ ሁሉም የምናውቃቸው ናቸው። እንግዳ ያደረጋቸው ድምፁ መጥፋቱና የሰዎቹ ዝምታ ነው። ብዙ ዳይሬክተሮች ሕልም ሲሠሩ ምስሉን ያደበዝዛሉ፣ ጉም ይለቁበታል። ፌሊኒና የምስል ባለሙያው ጃኒ ዲ ቬናንዞ ግን ጥርት አድርገው ነው ያሳዩን።

ሁለተኛው ትዕይንት ስለ ፈቺዎች ነው። የፊልሙን ባለታሪክ፣ ዳይሬክተሩን ጉይዶን፣ የሚከታተል አንድ ሐያሲ አለ፤ የእያንዳንዱን ምስል ትርጉም እየጠየቀ፣ ይህ ምልክት ደካማ ነው፣ ያኛው ሐሳብ የለውም እያለ ፊልሙን ገና ሳይሠራ ይቀብረዋል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሐያሲው ሲናገር ጉይዶ ጣቱን ቀና ያደርጋል። ሁለት ሰዎች መጥተው ሐያሲውን ያነሡታል፣ ጭንቅላቱ ላይ ጥቁር ከረጢት ያጠልቁለታል፣ ይሰቅሉታል። በሚቀጥለው ምስል ሐያሲው በቦታው ተቀምጦ ንግግሩን ቀጥሏል። ቀልዱ ሐያሲው የሚለው ሁሉ ልክ መሆኑ ላይ ነው። ፊልሙ በእርግጥም ሥርዓት የለውም፤ ሰውየውም በእርግጥ ውሸታም ነው። ግን ልክ መሆን እዚህ አይረባም። ፌሊኒ ራሱ ከ1960 ገደማ ጀምሮ ኤርንስት በርንሃርት ወደተባለ የካርል ዩንግ ተከታይ የሥነ ልቡና ሐኪም ይመላለስ ነበር፤ በእሱ ምክርም ሕልሙን በቀለም እየሣለ ለ30 ዓመት ያህል መዝግቧል። መዝገቡ በ2007 ታትሞ ወጥቷል። ስገምት ሐኪሙ የሰጠው ትልቁ ነገር ፍቺ ሳይሆን ጠዋት ተነሥቶ የመሣል ልማድ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1973 የወጣው «አማርኮርድ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ፌሊኒ ተወልዶ ባደገባት ሪሚኒ በ1930ዎቹ ነው፤ ነገር ግን አንድም ምስል ሪሚኒ ላይ አልተቀረጸም ማለት ይቻላል፤ አደባባዩም ባሕሩም እንደ አዲስ የተሠራ ነው። እዚህ የሕልምና የቀልድ፣ የፖለቲካም ድንበር ይጠፋል። ተከታታዩን ልብ በሉ፤ ሙሶሊኒ ከአበባ በተሠራ ግዙፍ ፊት ተመስሎ አደባባይ ላይ ይቆማል፤ አንድ ወፍራም ተማሪ ያ ፊት አፉን ከፍቶ ከሚወዳት ልጅ ጋር ሲያጋባው በቁሙ ያልማል። በዚያው ዕለት ማታ የባለታሪኩ ልጅ አባት ፋሺስቶቹ ዘንድ ተጠርቶ የጉሎ ዘይት በግድ ይጠጣል፤ ሱሪው እንደተበላሸ ቤቱ ይመለሳል፤ ሚስቱ እያለቀሰች ታጥበዋለች። አበባውና የጉሎ ዘይቱ የአንድ ቀን ሥራ ናቸው። በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ፋሺዝም እንዲህ ባጭሩ ሲገለጽ አላየሁም።

ደግሞ ጉሙ አለ። አያትየው ጠዋት ከቤቱ ይወጣል፤ ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ገና ከበሩ ጥቂት እንደራቀ የቆመበት ይጠፋዋል። ሞት ይህ ከሆነ ነገሩ አላማረኝም ብሎ ያጉረመርማል። ሰው ሲያገኝ ቤቴ የት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እፊትህ ነው የሚል ነው። ቀጥሎ የልጅ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በዚያው ጉም ውስጥ አንድ ነጭ በሬ ይገጥመዋል። ይተያያሉ፤ ያልፋሉ። ምንም አይሆንም። ከአእምሮ ሐኪም ቤት ለአንድ ቀን የወጣው አጎት ቴኦ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሴት አምጡልኝ እያለ ለሰዓታት ሲጮህ፣ ሊያወርዱት የሚሞክሩትን ሁሉ በድንጋይ ሲያባርር፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ድንክ መነኩሲት መሰላሉን ወጥታ ተቆጥታ ታወርደዋለች። ይህን ያየ ሰው ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ የቤተሰቡን ድካም ያስታውሳል። የኒኖ ሮታ ሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ የሰርከስ ማርሽ ይመስልና መሐል ላይ ያስተክዛል።

ፌሊኒን ያህል ቦታ ለሌላ መስጠት አልችልም፤ ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። በ1965 ፔዛሮ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ ሲኒማ ከመሠረቱ የሕልምና የትዝታ ቋንቋ ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህን ከመጻፉ በፊት በሥራ አሳይቶታል። የ1961ዱ «አካቶኔ» የሮማ ዳርቻ ሥራ ፈት ታሪክ ነው። ሰውየው በሕልሙ የራሱን ቀብር ሊሸኝ ይሄዳል፤ የመቃብሩ ዘበኛ አትገባም ይለዋል፤ አጥር ዘሎ ይገባል፤ ጉድጓድ የሚቆፍረውን ሽማግሌ ትንሽ ወደዚያ፣ ወደ ፀሐዩ አድርግልኝ ብሎ ይለምነዋል። ይህች ፀሐይ «ተአምር በሚላኖ» ላይ ካየናት የፀሐይ ክብ ብዙም አትርቅም። ፓዞሊኒ በ1974 ያወጣው «የሺህ አንድ ሌሊት አበባ» ከየመን፣ ከኢራንና ከኔፓል ሌላ ኢትዮጵያ ውስጥም ተቀርጿል። ፊልሙ ከሕልም ወደ ሕልም፣ ከተረት ወደ ተረት ሲሸጋገር ያስደምማል። ቢሆንም በእኛ ዓይን ሲታይ አንድ ነገር ይቆረቁራል፤ ፓዞሊኒ የአፍሪካና የእስያ ድሆችን ገና ዘመናዊነት ያላበላሻቸው ንጹሐን አድርጎ ይመኛቸዋል። ለሮማ ድሆች የሰጣቸውን ተንኮልና ሐሜት ለእነዚህ ነፍጓቸዋል።

ሚኬላንጀሎ አንቶኒዮኒ ሌላ ዓይነት ሕልመኛ ነው፤ ምንም ነገር ሳይፈጠር የሚያስጨንቅ። በ1964ቱ «ቀይ በረሃ» የራቬና ፋብሪካዎች አካባቢ ያለውን ሣርና ዛፍ ቀለም አስቀብቶ የሞኒካ ቪቲን የታመመ ዓይን አሳየን። ማርኮ ፌሬሪ በ«ዲሊንጀር ሞቷል» አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ እራቱን ሲሠራ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሽጉጥ አግኝቶ ሲያጸዳ፣ ቀይ ቀብቶ ነጭ ነጠብጣብ ሲያደርግበት ያሳየናል፤ የቀረውን ባለማውራት ልተባበረው።

የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎቹን ከጥበብ ሲኒማ ለይቶ ማየት የተለመደ ነው። ስህተት ይመስለኛል። በ1966 ማሪዮ ባቫ በትንሽ ገንዘብ በሠራው ፊልም ላይ ኳስ የያዘች የሞተች ልጅ መንፈስ አለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የፌሊኒ «ቶቢ ዳሚት» ላይ ዲያብሎስ ራሱ ነጭ ኳስ የያዘች ልጅ ሆኖ መጣ። ዳሪዮ አርጀንቶ በ1977ቱ «ሱስፒሪያ» የበር እጀታዎቹን ከተለመደው ከፍ አድርጎ አስገጠማቸው፤ ወጣቶቹ ተዋንያን በሩን ሲከፍቱ ሳያውቁት ሕፃናት ይመስላሉ። ላስቲኩን ባሕር የዘረጋው ያው የአናጺ ብልሃት ነው።

ታቪያኒ ወንድማማቾች በ1982 በሠሩት «የቅዱስ ሎሬንዞ ሌሊት» ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ስንዴ እርሻ ውስጥ ተደብቃ ሰፈርተኛና ሰፈርተኛ ሲገዳደል ታያለች። አንድ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ሊተኩስ ሲል በእሷ ዓይን ጥሩርና ቁር የለበሱ የጥንት ጦረኞች ብቅ ብለው በጦር ይወጉታል። የታሪኩ መነሻ በ1944 ሳን ሚኒያቶ ካቴድራል ውስጥ የደረሰው እልቂት ነው። ፊልሙ ተጠያቂዎቹ ጀርመኖች ናቸው ይላል፤ በኋላ የተደረገ ምርመራ ግን ፍንዳታው የአሜሪካ መድፍ ነበር ወደሚል አዘነበለ። ትዝታና ሕልም እንዲህ ሲተባበሩ ፊልሙን ውብ ያደርጉታል፤ ማስረጃ ግን አያደርጉትም።

ይህ መንገድ እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። የፌሊኒ ሕልም ውስጥ ሴቶች ወይ እናት ናቸው ወይ ሚስት፤ ካልሆነም ግዙፍ ጡት ይዘው የሚመጡ ፈተናዎች። የ1965ቱ «ጁልየታ እና መናፍስቱ» የአንዲት ሚስት ሕልም ነው ቢባልም አላሚው ባልየው መሆኑ ይታወቃል። የፌሊኒ ሚስት ጁልየታ ማሲና በ«ላ ስትራዳ»ና በ«የካቢሪያ ሌሊቶች» በፊቷ ብቻ ያደረገችውን እዚህ አልባሳቱና ቀለሙ ዋጠው። የኋለኞቹ ሥራዎቹ ላይ ደግሞ ሰልፉ ይበዛል፤ አንድ እንግዳ ፊት ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል፣ ሌላ። ሕልም የሰው እዳ ሲያጣ ትርዒት ብቻ ይሆናል።

የዛሬዎቹን የምመዝነውም በዚህ ነው። ፓኦሎ ሶሬንቲኖ በ2013ቱ «ታላቁ ውበት» ኦስካር አገኘ፤ የፌሊኒ ወራሽም ተባለ። አንድ ምትሃተኛ በጥንታዊ ፍርስራሽ መካከል ቀጭኔ የሚያጠፋበት ትዕይንት ያምራል። ግን ሁሉም ነገር ያምራል፤ ድህነቱም ሐዘኑም ለሽቶ ማስታወቂያ የተዘጋጀ ያህል ያበራል። አሊቼ ሮርቫከር ታስበልጥብኛለች። በ2018 የወጣው «ደስተኛው ላዛሮ» የጭሰኝነት ሥርዓት መቅረቱን አንዲት ባላባት ሴት ስለደበቀቻቸው ገበሬዎች ነው፤ መነሻው እውነተኛ ዜና ነው። ላዛሮ የተባለው የዋህ ልጅ ከገደል ይወድቃል፤ ተኩላ አሽትቶት ሳይበላው ይሄዳል፤ ሲነቃ ዓመታት አልፈው ዘመዶቹ አርጅተው ከተማ ዳር ወድቀዋል፣ እሱ ግን እንደነበረ ነው። አንድ ማታ ድሆቹ የኦርጋን ሙዚቃ ሰምተው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። መነኩሲቷ ትወጡልኛላችሁ ብላ ታባርራቸዋለች። ሲወጡ ሙዚቃው ከኦርጋኑ ወጥቶ ይከተላቸዋል፤ ውስጥ ያለው ሰው ቁልፎቹን ይነካካል፣ ድምፅ የለም። የመሬት ሥሪት ጉዳይ በቀላሉ ለሚገባው የአማርኛ ተመልካች ይህን ፊልም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው «ከስምንት ተኩል» አልለውም፤ ስሙ ገኖ ያስፈራል። «አማርኮርድ»ን ያስቀድም፤ ከዚያ «ተአምር በሚላኖ»ንና «ደስተኛው ላዛሮ»ን አከታትሎ ይይ፤ በ67 ዓመት የሚራራቁ መሆናቸውን ይረሳዋል። ድምፁ በእንግሊዝኛ የተለወጠውን ትቶ የጣሊያንኛውን ከነግርጌ ጽሑፉ ይምረጥ። የፌሊኒን «ሳቲሪኮን» ለመጨረሻ ያቆየው፤ እኔ እስከ ዛሬም አልተዋጠልኝም።